የገበሬ ልጆች ሥራ በፎቶግራፍ

በሐዋሳ ዙሪያ ባሉት የሲዳማ መንደሮች ወንድ ልጅ ከብት ሲጠብቅ፣ ሴት ልጅ ከእናትዋ ጋር እንሰት ስትፍቅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከእኛም መካከል ብዙዎቻችን ቡና ለቅመን ያደግን ነን። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለታሪክ ማስረጃ የሚሆነው መቼ ነው?

አሜሪካዊው ሉዊስ ሃይን ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብሔራዊው የሕፃናት ሥራ ኮሚቴ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ የልጆቹን ዕድሜና የሥራቸውን ሁኔታ ከሥዕሉ ጋር ይጽፍ ነበር። በፋብሪካ ውስጥ ቁመታቸውን በኮቱ አዝራሮች ይለካ ነበር ይባላል። በ1915 በኮሎራዶ፣ ስኳር በሚወጣበት የቢት እርሻ፣ ልጆች ሥሩን በጕልበታቸው ላይ አድርገው ቅጠሉን በትልቅ ቢላዋ ሲቈርጡ አንሥቷቸዋል። ጽሑፉ ባይኖር ሥዕሉ የቤተ ሰብ መኸር ብቻ በመሰለን ነበር። በ1938 የወጣው የአሜሪካ የሥራ ሕግም በወላጁ እርሻ የሚሠራውን ልጅ ከጥበቃው ውጭ ተወው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1934 እና 35 እ.ኤ.አ. በአዶልፍ ዬንዘን የተመራው የፍሮቤኒየስ ተቋም ጉዞ በደቡብ ኢትዮጵያ ፎቶግራፎች አንሥቷል፤ ስብስቡም በፍራንክፈርት ይገኛል። ዓላማው ባህልን መመዝገብ ስለ ነበረ፣ እንዲህ ባለው ስብስብ ውስጥ የሚታይ ልጅ እንደ ባህሉ ክፍል እንጂ እንደ ሠራተኛ መቈጠሩ ያጠራጥራል።

የእኛም አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለውን መቅጠር ሲከለክል የሚመለከተው የቅጥርን ግንኙነት ነው፤ የአባቱን ቡና የሚለቅመው ልጅ አይገባበትም። ለቀማው ደግሞ ከትምህርቱ ወራት ጋር ይጋጠማል። ስለዚህ ካሜራ ይዘን ወደ መንደር ስንወጣ ከፎቶግራፉ ጀርባ የልጁን ዕድሜ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንጽፋለን፤ ስሙን ግን ያለ ወላጆቹ ፈቃድ አንጽፍም።