ፓትሪክ ኦኮኔል

ፓትሪክ ኦኮኔል (1887–1959 እ.ኤ.አ.) ከክለብ ክለብ ሲዘዋወር የኖረ አየርላንዳዊ እግር ኳስ ተጫዋች፣ በኋላም ስፔናውያን ‹‹ዶን ፓትሪሲዮ›› እያሉ ያከበሩት አሰልጣኝ ነው። ሪያል ቤቲስን ለላሊጋ ሻምፒዮንነት አብቅቷል፤ ባርሴሎናንም በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ከመፍረስ ካተረፉት ሰዎች አንዱ ነው።

ደብሊን የተወለደው ኦኮኔል በቤልፋስት ሴልቲክ ተጫውቶ በ1909 ወደ ሼፊልድ ዌንስዴይ፣ ከዚያም ወደ ሃል ሲቲ ሄደ። አየርላንድ በ1914 እንግሊዝን ሚድልስብሮ ላይ 3 ለ 0 ረትታ የብሪታንያ አገሮችን ውድድር ስታሸንፍ የቡድኑ አባል ነበር። በዚያው ዓመት ማንችስተር ዩናይትድ ገብቶ አምበል ሆነ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጉን ስላቋረጠው ግን የተጫወተው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ሚያዝያ 1915 ዩናይትድ ከሊቨርፑል ጋር ያደረገው ጨዋታ ውጤቱ ለቁማር ሲባል አስቀድሞ ስምምነት የተደረገበት ሆኖ ተገኘ። ዩናይትድ 2 ለ 0 ባሸነፈበት በዚህ ጨዋታ ኦኮኔል የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ከግቡ እጅግ ርቆ ወጥቷል። ከሁለቱ ክለቦች ሰባት ተጫዋቾች ሲታገዱ እሱ አልተከሰሰም። ስለዚህ በዚያች ምት ብቻ እሱን መፈረጅ ተገቢ አይደለም።

ከጦርነቱ በኋላ በደምባርተንና በአሺንግተን ቆየ። በ1922 ሚስቱንና ልጆቹን እንግሊዝ ትቶ ራሲንግ ሳንታንዴርን ለማሰልጠን ስፔን ገባ። ሰባት ዓመት ቆይቶም ክለቡን በ1929 ለተጀመረው ላሊጋ አደረሰው። ከዚያ ኦቪዬዶ፣ ቀጥሎም ቤቲስ። ሚያዝያ 28 ቀን 1935 ቤቲስ በመጨረሻው ጨዋታ የኦኮኔልን የቀድሞ ክለብ ሳንታንዴርን በሜዳው 5 ለ 0 አሸንፎ ማድሪድን በአንድ ነጥብ በለጠና ሻምፒዮን ሆነ። ክለቡ እስከ ዛሬ ያለው የላሊጋ ዋንጫ ይኸው አንድ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ባርሴሎናን ተረከበ። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1936 ሲፈነዳ የክለቡ ፕሬዚዳንት ጆሴፕ ሱኞል በጄኔራል ፍራንኮ ወታደሮች ተገደለ፤ የክለቡ ገቢም ነጠፈ። ለእረፍት አየርላንድ የነበረው ኦኮኔል እዚያው መቅረት ይችል ነበር፤ ግን ተመለሰ። ከዋንጫ ሁሉ የሚልቅ ሥራው ይህ ይመስለኛል። በ1937 አንድ የሜክሲኮ ነጋዴ የቡድኑን የጉዞ ወጪ ችሎ 15,000 ዶላር እንደሚከፍል ቃል ገባና ቡድኑ ወደ ሜክሲኮና ኒው ዮርክ ተጓዘ። የተገኘው ገንዘብ ፓሪስ ባንክ ተቀመጠ፤ ክለቡ ዕዳውን የከፈለው ከዚህ ነው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ወደ ስፔን አልተመለሱም። አጥቂው ማርቲ ቬንቶልራ ሜክሲኮ ቀርቶ አገባ፤ ልጁም በ1970 የዓለም ዋንጫ ለሜክሲኮ ተሰልፏል።

ኦኮኔል ከጦርነቱ በኋላ ቤቲስን፣ ሴቪያንና በድጋሚ ሳንታንዴርን አሰልጥኗል። በ1959 ለንደን ውስጥ በድህነት አረፈ። መቃብሩ ምልክት ሳይቆምለት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ መታሰቢያው የተሠራው ከደጋፊዎች በተሰበሰበ መዋጮ ነው።