ባሩድ አልባው ጠመንጃ፦ ከኦስትሪያ ጦር ሰፈር እስከ ዛሬው አጭር የአየር ጠመንጃ

በዚህ ዘመን ከፋብሪካ የሚወጣን አጭር የአየር ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ሰው ግር ይለዋል። ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ቃታው ወደ ፊት ሄዷል፤ ጥይት የሚጎርሰው ክፍል ደግሞ ከቃታው ኋላ፣ ጉንጭ ከሚያርፍበት ሥር ተሸጉጧል። ባሩድ የለው፣ ቀለህ የለው። ሆዱ ሥር ያለችው ትንሽ ክብ መለኪያ 200 ወይም 250 ባር ታሳያለች። የመኪና ጎማ የሚይዘው ከ2 እስከ 2.5 ባር ነውና፣ የሰፈር ጎሚስታ ኮምፕሬሰሩን ቀኑን ሙሉ ቢያስጓራው ይህን ጠመንጃ አይሞላውም።

ሻጮች ይህን ሁሉ የዘመኑ ግኝት አድርገው ያቀርቡታል። ነገር ግን አየርን አምቆ ሰደፍ ውስጥ ማስቀመጥም ሆነ ባሩድ ሳይነኩ ደጋግሞ መተኮስ ከ240 ዓመት በፊት በጦር ሠራዊት ደረጃ ተሞክሯል። ያኔ የጎደለው ሐሳብ አልነበረም፤ አየሩን የሚያምቅ ጥሩ ፓምፕና እንዳያመልጥ አፍኖ የሚይዝ ማሸጊያ እንጂ። የአየር ጠመንጃ ታሪክ ከአፈሙዙ ይልቅ የእነዚህ የሁለቱ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቲሮሉ ባለሙያ

ስቶክሆልም በሚገኘው የነገሥታት የጦር ዕቃ ቤተ መዘክር ውስጥ በ1580 ገደማ የተሠራ የአየር ጠመንጃ ይገኛል። ሰደፉ ውስጥ ያለው አንጥረኛ የሚያውቀው ወናፍ ነው፤ ቃታው ሲሳብ ወናፉ ተጨምቆ በአንድ እስትንፋስ ጥይቱን ይተፋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት የአውሮፓ መሳፍንት ለአደን የሚሆኑ የአየር ጠመንጃዎችን ያሠሩ ነበር። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፦ ባሩድ ዝናብ ሲነካው አይነሳም፣ ጭሱ ዓይን ይጋርዳል፣ ጩኸቱም አውሬውን ያስበረግጋል።

መሣሪያውን ከመሳፍንት አደን አውጥቶ ለተራ ወታደር ያበቃው ባርቶሎሜዎስ ጂራንዶኒ የተባለ የቲሮል ተወላጅ ነው። በ1780 ገደማ በንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ ዘመን የኦስትሪያ ጦር የእሱን ጠመንጃ ተቀበለ። በአፈሙዙ ጎን በተጋደመ ቱቦ ውስጥ 22 ድቡልቡል አረር ይይዛል። ወታደሩ አፈሙዙን ቀና ያደርግና በጎን የምትንሸራተት ትንሽ ብረት በጣቱ ይገፋል፤ አንድ አረር ተንከባሎ ብረቷ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ሞላው ብረቷን መልሶ ከአፈሙዙ ጋር ያገጥማታል። ቀጥሎ መምቻውን ስቦ መተኮስ ነው። በዚያ ዘመን ሌላው ወታደር ቆሞ ባሩድ እየጨመረ፣ በዘንግ እየጠቀጠቀ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ከተኮሰ ጎበዝ ይባል ነበር። የጂራንዶኒ ተኳሽ ግን በደረቱ ተኝቶ፣ ያለ ጭስ፣ የት እንዳለ ሳይታወቅ 22ቱንም መጨረስ ይችላል። አባቶቻችን አድዋ ላይ ከታጠቋቸው መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ የ1874 ሥሪት ሆኖ ሳለ ገና በጭስ ተኳሹን ያጋልጥ እንደነበር ስናስብ፣ የቲሮሉ ሰው ምን ያህል እንደቀደመ ይገባናል።

ታዲያ ለምን ዓለምን አልወረሰም? መልሱ ያለው ሰደፉ ውስጥ ነው። ሰደፉ በቆዳ የተሸፈነ የብረት ጋን ሲሆን፣ በእጅ ፓምፕ ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል መግፋት ይጠይቃል። አንዴ የሞላ ጋን 30 ገደማ ጠንካራ ጥይት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ እየላላ ይሄዳል። አየሩን የሚይዘው ማሸጊያ ከቆዳ የተሠራ ስለነበር ሁልጊዜ መርጠብ ነበረበት፤ ከደረቀ ያፏጫል። ጋኑን አየር እንዳያስወጣ አድርጎ መበየድ የሚችል ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሜዳ ላይ የተበላሸውን የሚጠግንም አልነበረም። ወታደሩ ራሱ ለብቻው መሠልጠን ነበረበት። ጦሩ ከ1815 ገደማ በኋላ መሣሪያውን ተወው። ጠላት ያላሸነፈውን ጠመንጃ የደረቀ ቆዳ አሸነፈው ማለት ይቻላል።

በኦሃዮ ወንዝ ዳር

ይኸው ዓይነት ጠመንጃ ከጦር ሜዳ ይልቅ በማስፈራራት ስሙን የተከለው አሜሪካ ውስጥ ነው። አሳሹ ሜሪዌዘር ሉዊስ ከዊልያም ክላርክ ጋር ከ1804 እስከ 1806 ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ላደረገው ጉዞ አንድ የአየር ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ የታሪክ አጥኚዎች ዛሬ የጂራንዶኒ ሥሪት እንደነበር ይገምታሉ። ገና ከፒትስበርግ በተነሳበት በ1803 የበጋ ወራት ማብቂያ፣ ኦሃዮ ወንዝ መሃል ያለች ደሴት ላይ ሰዎች እንዲያዩት ተኮሰበትና ለአንድ እንግዳ አቀበለው። ሰውዬው ሳያስበው ጠመንጃው ባረቀ፤ 40 ያርድ ያህል ርቃ የቆመች ሴት ጥይቱ ጆሮ ግንዷን ጫረና ወደቀች። የሞተች መስሏቸው ተደናገጡ፤ ደግነቱ ቁስሉ ቀላል ሆኖ ተገኘ። መጫወቻ የመሰላቸው ነገር ነፍስ ሊያጠፋ እንደሚችል ያዩት በዚያች ቅጽበት ነው።

በጉዞው ላይ ሉዊስ የየአገሩ ነባር ሕዝብ መሪዎች ባሉበት እየደጋገመ ይተኩስ ነበር። ያለ ጭስና ያለ ባሩድ የሚተኩስ መሣሪያ ያዩ ሰዎች፣ እነዚህ ጥቂት መንገደኞች ስንት እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ እንደያዙ ማወቅ አይችሉም። አንድ ብቻ መሆኑ እንዳይታወቅ ማድረግ የዲፕሎማሲው አካል ነበር።

ከወታደር ትከሻ ወደ ልጆች እጅ

1886 ለአየር ጠመንጃ ክፉም ደግም ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ፈረንሳይ ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን የሌቤል ጠመንጃ ለጦሯ አስታጠቀች። አየር በባሩድ ላይ የነበረው ዋና ብልጫ፣ ማለትም ጭስ አልባነቱ፣ አበቃለት። በዚያው ዓመት ሚሺጋን ውስጥ ባለችው ፕሊማውዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ርካሽ የልጆች የአየር ጠመንጃ መሠራት ጀመረ። እዚያው ከተማ የነበረ የንፋስ ወፍጮ ፋብሪካ ብዙም ሳይቆይ ከብረት የተሠራ የአየር ጠመንጃ ወፍጮ ለሚገዛ ገበሬ ምርቃት አድርጎ ይሰጥ ገባ። ገበሬው ከወፍጮው ይልቅ ምርቃቱን ወደደው፤ ኩባንያው በ1895 ስሙን ዴዚ ብሎ ለውጦ ወፍጮውን ተወ። ለብዙ አሜሪካውያን የአየር ጠመንጃ ማለት ከዚያ ወዲህ የልጅ መጫወቻ ሆነ። መሣሪያው የሚገባውን ክብርም ሆነ የሚገባውን ጥንቃቄ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ያዙ። በርሚንግሃም ውስጥ ሊንከን ጄፍሪስ ባወጣው ንድፍ ቢኤስኤ የተባለው የጦር መሣሪያ ኩባንያ ከ1905 ጀምሮ በጠንካራ ሞላ የሚሠራ ጠመንጃ ያመርት ጀመር። እጀታው ሲሳብ ሞላው ይታመቃል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወርውሮ አየሩን በዚያችው ቅጽበት ይጨምቃል። ጋን የለም፣ ፓምፕ የለም፣ ለወራት አየር አፍኖ የሚይዝ ማሸጊያም አያስፈልግም። የጂራንዶኒን ችግር ከመፍታት ይልቅ ዘለውት አለፉ። የዚህ ዋጋው ግን ርግጫው ነው፤ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ከባዱ ፒስተን ጠመንጃውን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይንጠዋል።

ይህን የፈቱት ጀርመኖች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሸናፊዎቹ የጦር መሣሪያ ማምረት ስለከለከሏቸው፣ ሥራ የፈቱ ጎበዝ የጠመንጃ ባለሙያዎች የተፈቀደላቸውን ይሠሩ ነበር። የማውዘር ጠመንጃ ፋብሪካ መሐንዲሶች የነበሩት ካርል ቬስቲንገርና ኤርንስት አልተንበርገር በ1949 በኦበርንዶርፍ የመሠረቱት ፋይንቬርክባው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተኩሱ ክፍል በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ርግጫውን የሚውጥ ጠመንጃ አወጣ። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር በ1966 ቪስባደን ላይ የዓለም ሻምፒዮና አካል ሆነ፤ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። የኢላማው አሥር ቁጥር ግማሽ ሚሊ ሜትር የምትሆን ነጥብ ናት፤ የምትመታው ጥይት ራሷ 4.5 ሚሊ ሜትር ወርድ አላት። ከ2000ው ሲድኒ እስከ 2024ቱ ፓሪስ ድረስ የየበጋ ኦሊምፒኩ የመጀመሪያው ወርቅ የተሸለመው በዚሁ በአየር ጠመንጃ ነው። ሕንድም በግል ውድድር የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው በ2008 ቤጂንግ በአቢናቭ ቢንድራ የአየር ጠመንጃ ነበር።

ጋኑ ሲመለስ

የጂራንዶኒ ጋን እንዲመለስ መጀመሪያ ቆዳው መተካት ነበረበት። በዴንማርክ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ኒልስ ክሪስተንሰን በ1939 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የላስቲክ ቀለበት፣ ዛሬ ኦሪንግ የምንለው፣ ይህን አደረገ። በልኩ በተቆረጠ ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ሲቀመጥ ግፊቱ ራሱ እየገፋ ያጣብቀዋል፤ አየሩ በበረታ ቁጥር ማሸጊያውም ይበረታል። እንግሊዝ ውስጥ በ1973 የተቋቋመው ዴይስቴት ለእንስሳት ማደንዘዣ መርፌ የሚወረውሩ የአየር መሣሪያዎችን እየሠራ ቆይቶ፣ በቅድሚያ በታመቀ አየር የሚሠራውን ጠመንጃ ለተራው ተኳሽ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። ቀጥሎ ግፊቱን ለእያንዳንዱ ጥይት እኩል የሚመጥን ሬጉሌተር መጣ፤ የመጀመሪያውና የሃያኛው ጥይት ፍጥነት ተቀራረበ። ጂራንዶኒ ያጣው ይህንንም ነበር።

አጭሩ ጠመንጃ ሲመዘን

አየር እንደ ባሩድ ጋዝ ኃይለኛ ስላልሆነ ጥይቱን ረዘም ላለ መንገድ መግፋት አለበት፤ አፈሙዙ ካጠረ ጉልበቱ ይባክናል። ስለዚህ አጭር የአየር ጠመንጃ የሚሠራ ሰው አፈሙዙን ቆርጦ አያሳጥርም፤ የተኩሱን ክፍል ወደ ሰደፉ ይገፋዋል እንጂ። ጠመንጃው አጥሮ አፈሙዙ ባለበት ይቀራል። ለጠባብ ቦታ፣ ለምሳሌ እህል ጎተራ ውስጥ አይጥ ለሚያድን ገበሬ፣ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ጥቅሙ ግን በነጻ አይገኝም። ቃታውን ከመምቻው ጋር የሚያገናኘው ረጅም ዘንግ ስለሆነ ጣት ላይ የሚሰማው ስብ ብዙ ጊዜ ድፍን ያለ ነው፤ የኦሊምፒክ ጠመንጃ ቃታ የለመደ ሰው አይወደውም። መነጽሩ ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ቅርብ ኢላማ ላይ ጥይቱ ዝቅ ብሎ ይመታል። ጋኑ ትንሽ በመሆኑ ቶሎ ቶሎ መሙላት ግድ ነው፤ መሙያው ደግሞ ወይ እጅ የሚያዝል ልዩ ፓምፕ፣ ወይ የጠላቂዎች ሲሊንደር፣ ወይ ውድ ኮምፕሬሰር ነው። ማጠሩ ራሱም ያታልላል፤ መጫወቻ ያስመስለዋል። ብሪታንያ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃን ጉልበት 16 ጁል ገደማ፣ ጀርመን 7.5 ጁል ላይ የገደቡት፣ ስኮትላንድም ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ለማንኛውም የአየር ጠመንጃ ማለት ይቻላል ፈቃድ የጠየቀችው ያለ ነገር አይደለም።

እንግዲህ አዲሱን አጭር ጠመንጃ በመልኩ መመዘን ከንቱ ነው። በጂራንዶኒ ዘመንም መልኩ ያማረ፣ ንድፉም የረቀቀ ነበር፤ የወደቀው ጠጋኝና መለዋወጫ ስላጣ ነው። የዛሬው ፋብሪካ አፈሙዙን እንደሚሠራው ሁሉ ከአምስት ዓመት በኋላ ያቺን ርካሽ የላስቲክ ቀለበት፣ የሚቀይራትንም ባለሙያ ማቅረብ ካልቻለ መሣሪያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብረት ሆኖ ይቀራል። ገዢ የሆነ ሰው ከፍጥነቱና ከርዝመቱ በፊት ይህን መጠየቅ አለበት።