የካውካሰስ የዳዊት ቤት ዜና መዋዕል

የጆርጂያ ምድር በሰሜን ከታላቁ የካውካሰስ ተራራ፣ በምዕራብ ከጥቁር ባሕር ጋር የምትዋሰን አገር ስትሆን፣ ከፍተኞቹ ተራሮቿ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ዓመቱን ሙሉ በረዶ እንደ ለበሱ ይኖራሉ። በመካከሏ የሊኺ ተራራ ለሁለት ይከፍላታል፤ ከተራራው በስተ ምዕራብ የጥንት ግሪኮች ኮልኪስ ያሏት ዝናም የማያጣት ቆላ አለች፣ የሪዮኒ ወንዝም በእርሷ በኩል ወደ ጥቁር ባሕር ይወርዳል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ባዕዳን ኢቤሪያ፣ ሕዝቧ ግን ካርትሊ የሚሏት አገር አለች፣ የምትክቫሪ ወንዝም እርሷን አቋርጦ እስከ ካስፒያን ባሕር ይዘልቃል። ስለዚህ ምዕራቡ ፊቱን ወደ ቁስጥንጥንያ፣ ምሥራቁ ወደ ፋርስ መልሶ ለብዙ ዘመን ተለያይተው ኖሩ፤ እግዚአብሔር በአንድ ዘውድ ሊያገናኛቸው በወደደ ጊዜ ግን ተራራው አልከለከለም።

ሃይማኖትን በተመለከተ፣ የካርትሊ ንጉሥ ሚሪያን በቅድስት ኒኖ ስብከት ክርስትናን የተቀበሉት በ4ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ይህም የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ትምህርት ካመኑበት ዘመን ጋር የሚገጥም ነው። ቅድስቲቱ የወይን ሐረግ ቆርጣ በገዛ ጠጉሯ አስራ መስቀል እንደ ሠራች የአገሩ ትውፊት ይናገራል፤ ወይን ለዚያ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የኑሮው መሠረት ነውና ምልክቱ ተገቢ ነበር። ጆርጂያውያን ቅቬቭሪ የሚባለውን ትልቅ የሸክላ ጋን እስከ አፉ በመሬት ቀብረው የወይን ጠጅ ይጥሉበታል፤ በአገሪቱ ከተገኙት የሸክላ ስባሪዎችም የወይን ጠጅ ሥራው ወደ 8,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳለው ታውቋል። የራሳቸው ፊደልም አላቸው፤ በእርሱም ቅዱሳት መጻሕፍትን ተርጉመው፣ ገድልና ዜና ነገሥት ጽፈው ለትውልድ አቆዩ።

ሁለቱን ወገን በአንድ ዘውድ ያገናኙት ከባግራቲዮኒ ቤት የተወለዱት ንጉሥ ባግራት 3ኛ ናቸው፤ ይህም በ1008 ሆነ። በዚህ ዜና የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የባግራቲዮኒ ቤት ዘሩን ከነቢዩ ከዳዊት ይቆጥራል፤ በ11ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሱምባት የተባለው ጸሐፊም የትውልዱን ሐረግ ዘርዝሮ ጽፎታል። ከሰሎሞን እንወለዳለን ያሉ ነገሥታት የነገሡባት ኢትዮጵያ ይህን ዓይነቱን ክብር ታውቀዋለች፤ እንዲህ ያለ ሐረግ የሚጻፈው ቤቱ ከበረታ በኋላ እንደ ሆነም ታውቃለች።

ከዚያ በኋላ ሰልጁቅ የተባሉት ቱርኮች ከምሥራቅ መጡ። በ1071 በማንዚከርት የምሥራቅ ሮምን ንጉሠ ነገሥት ድል ካደረጉ ወዲህ የሚመክታቸው ጠፋ፤ ከ1080 ጀምሮም ጆርጂያን ወረሩ፣ አዝመራውን ከብቶቻቸው በሉት፣ ገበሬው ወደ ተራራ ሸሸ። ንጉሥ ጊዮርጊ 2ኛ ለሱልጣኑ ለማሊክ ሻህ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። በ1089 ንጉሥ ጊዮርጊ፣ የዓለምን ክብር ንቀው፣ ዘውዳቸውን በገዛ እጃቸው በ16 ዓመት ልጃቸው ራስ ላይ ጫኑ፤ ስለ ምክንያቱ ከዚህ የበለጠ አልተጻፈም።

ይህ ልጅ በኋላ «ገንቢው» የተባሉት ንጉሥ ዳዊት 4ኛ ናቸው። ንጉሡ ሰይፍ ከመምዘዛቸው በፊት ቤታቸውን አስተካከሉ። ወደ ተራራ የሸሸውን ገበሬ ወደ እርሻው መለሱ፤ የመስቀል ጦረኞች ኢየሩሳሌምን በያዙበት በ1099 ለቱርኮች የሚከፈለውን ግብር አስቀሩ። በ1103 በሩይሲና በኡርብኒሲ ጉባኤ ጳጳሳት ተሰብስቦ፣ ሹመትን በዘራቸው ብቻ የያዙትን ሻረ፣ የተገባቸውን ሾመ። ጉባኤው የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት እንዳጸና የታወቀ ነው፤ ከተሻሩት ብዙዎቹ ንጉሡን ከሚቃወሙ ታላላቅ ቤቶች የተወለዱ መሆናቸውም እንዲሁ የታወቀ ነው። በ1104 በምሥራቅ ያለችውን የካኬቲን ግዛት ወደ መንግሥታቸው ጨመሩ፤ በ1106 በኩታይሲ አጠገብ የጌላቲን ገዳም መሠረቱ፣ ሊቃውንትንም ሰብስበው የፍልስፍናና የመንፈሳዊ ትምህርት ቤት አደረጉት።

ነገር ግን የመኳንንት ጦር ለመኳንንት እንጂ ለዘውድ እንደማይታመን ንጉሡ ያውቁ ነበር። ስለዚህ በ1118 ከካውካሰስ ማዶ በሜዳ ይኖሩ የነበሩትን ኪፕቻክ የተባሉ ፈረሰኛ ዘላኖች አምጥተው አሰፈሩ፤ ቁጥራቸውም እስከ 40,000 ቤተሰብ እንደ ነበረ ይነገራል፣ እያንዳንዱም ቤት አንድ ወታደር ያዋጣ ነበር። ሞናስፓ የሚባል 5,000 ያህል የቤተ መንግሥት ዘበኛም አቆሙ። ንግሥቲቱ ጉራንዱኽት የኪፕቻኮች አለቃ የአትራካ ልጅ ነበሩና ዝምድናው ነገሩን አቀለለው፤ ቀድሞ የነበሩት አርመናዊቷ ንግሥት ሩሱዳን ከዚህ አስቀድሞ ከቤተ መንግሥት ወጥተዋል።

አሁን ታላቁን የዲድጎሪን ድል መናገር ይገባል። የትብሊሲ እስላሞችና ከንጉሡ ፊት የሸሹ ሹማምንት ወደ ሰልጁቅ ሱልጣን በጮኹ ጊዜ ሱልጣኑ የማርዲንን ገዥ ኢልጋዚን አዘዘ፤ እርሱም ከሁለት ዓመት በፊት ፍራንክ የተባሉትን የአንጾኪያ የመስቀል ጦረኞች ጦር ደምስሶ ስሙ የገነነ ነበር። ኢልጋዚ ከመስጴጦምያ የሰበሰበውን ብዙ ጭፍራ ይዞ ወጣ፤ የብዛቱን ቁጥር ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደ ልቡ ከፍ አድርጎታል። የንጉሥ ዳዊትን ሠራዊት የኤዴሳው ማቴዎስ የተባለው አርመናዊ ሲቆጥር 40,000 ጆርጂያውያን፣ 15,000 ኪፕቻኮች፣ 500 አላኖችና 100 ፍራንኮች ይላል። ነሐሴ 12 ቀን 1121 ከትብሊሲ በስተ ምዕራብ በዲድጎሪ ተራራ ሁለቱ ተገናኙ። ንጉሡ አስቀድመው ሠራዊታቸውን በጠባቡ ሸለቆ አሰለፉ። ከዚያም 200 ኪፕቻኮች ሊከዱ የመጡ መስለው ወደ ቱርኮቹ ቀረቡ፤ እነዚያም ምርኮኛ ሊቀበሉ ሲጠባበቁ በድንገት ቀስት አዘነቡባቸው፤ ሰልፉ በታወከ ጊዜም ንጉሡ ከአንድ ወገን፣ ልጃቸው ድሜጥሮስ ከሌላ ወገን ወረዱባቸው። ኢልጋዚ ቆስሎ ሸሸ፤ ሠራዊቱም ከኋላው እየተከተለ ፈረሰ፤ ብዙ ምርኮና ፈረስ ተያዘ። የንጉሡ ዜና ጸሐፊ ሰማዕቱ ጊዮርጊስ በግልጽ እየታየ ሠራዊቱን ይመራ እንደ ነበር ይመሰክራል፤ በ1896 በዓድዋ የተዋጉትም የእርሱን ረድኤት ተናግረዋልና ለኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ምስክርነት አይደለም። የሰማዕቱ እጅ ከላይ፣ የንጉሡ ተንኮል ከታች ሠራ፤ እግዚአብሔርም ሁለቱን አገጣጠመ።

በሚከተለው ዓመት በ1122 ንጉሡ ለ400 ዓመት ያህል በእስላም አሚሮች እጅ የነበረችውን ትብሊሲን ያዙ፤ ስለ ተያዘችበት ቀን ብዙ መናገር አያስፈልግም፣ ጦርነት ነበርና። ከዚያ በኋላ መናገሻቸውን ከኩታይሲ ወደዚያች ከተማ አዛወሩ፤ በእስላሞችም ሰፈር አሳማ እንዳይታረድ ከለከሉ፣ የጸሎታቸውንም ሥርዓት አከበሩላቸው፤ ይህን የመሰከሩላቸውም የእስላም ጸሐፊዎች ስለ ሆኑ ወገንተኛ ምስጋና ሊባል አይችልም። የአርመኖችን ታላቅ ከተማ አኒንም ጨምረው ጥር 24 ቀን 1125 ዐረፉ። በጌላቲ በር መግቢያ ተቀበሩ፤ የሚገባው ሁሉ መቃብራቸውን እንዲረግጥ ራሳቸው እንዳዘዙ ይነገራል። በሕይወታቸውም የንስሐ መዝሙር ደርሰዋል፤ ንጉሥ ኃጢአቱን በራሱ ብዕር ሲዘረዝር ጸሐፊው የሚጨምረው የለም።

ልጃቸው ድሜጥሮስ እስከ 1156 ነገሡ፤ በ1139 የመሬት መንቀጥቀጥ ካፈረሳት ከጋንጃ ከተማ የብረት በር አምጥተው በጌላቲ አኖሩ። ቀጥሎም ጊዮርጊ 3ኛ ነገሡ። በ1177 የወንድማቸው ልጅ ደምና ዙፋኑ የእኔ ነው ብሎ ከመኳንንት ጋር ተነሣ፤ ተሸንፎም እጁን ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ዙፋን ሊጠይቅ የሚችል ሰው አልነበረም። ንጉሡም በ1178 ሴት ልጃቸውን ታማርን ከጎናቸው አነገሡ።

ንግሥት ታማር በ1184 ብቻቸውን በነገሡ ጊዜ ኩትሉ አርስላን የተባለ የግምጃ ቤት ሹም፣ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ካራቪ የሚባል የመኳንንት ሸንጎ ድንኳን ተተክሎ የመንግሥት ጉዳይ በዚያ ይቆረጥ ብሎ ጠየቀ። ንግሥቲቱ ሰውየውን አሰሩት፤ የተቆጡትን ወገኖቹን ግን ሁለት የተከበሩ ወይዘሮዎችን ልከው በሽምግልና አበረዱ፤ ድንኳኑ አልተተከለም፣ ምክረ መኳንንትን የመስማት ልማድ ግን በረታ። በ1185 የሩስ መስፍን ልጅ ዩሪ ለንግሥቲቱ ባል ይሆን ዘንድ በመኳንንቱ ፈቃድ መጣ፤ ጋብቻው አልበጀም፣ ሰውየውም በወርቅ ተሸኘ። ቆይቶ ጦር ይዞ መመለሱ የሸኙትን አላሳፈረም፤ ድል ሆኗልና። ሁለተኛው ባላቸው ዳዊት ሶስላን ግን መልካም የጦር አለቃ ነበሩ፤ በ1195 በሻምኮር ድል አደረጉ። በኋላም የሩም ሱልጣን ሩክን አድዲን ንግሥቲቱን የሚያዋርድ መልእክት በላከ ጊዜ፣ የጦር አለቃው ዘካርያስ መልእክተኛውን በጥፊ መታው፤ ንግሥቲቱ ግን መልእክተኛውን በክብር መልሰው ለመልእክቱ በጦር ሜዳ መለሱ፤ እርሳቸው በጸሎት ሲተጉ በ1202 ገደማ ሱልጣኑ በባሲያን ድል ሆነ።

በዘመናቸው በቫርድዚያ ከገደል ተፈልፍሎ የተሠራው ገዳም ተስፋፋ፤ የእመቤታችን የዕረፍቷ ቤተ ክርስቲያንም በ1184 እና በ1186 መካከል በሥዕል ተጌጠ። ይህም በኢትዮጵያ ንጉሥ ላሊበላ ከዓለት ቤተ ክርስቲያን ካሳነጹበት ዘመን ጋር ይገጥማል፤ ሁለቱ ነገሥታት አንዱ የአንዱን ሥራ ሳያዩ ተራራን ወደ ቤተ መቅደስ ለወጡ። ባለቅኔው ሾታ ሩስታቬሊም ታላቁን ግጥሙን ለንግሥቲቱ አበረከተ። የሁለቱ አገሮች መነኮሳት በእውነት የተገናኙት በኢየሩሳሌም ነው፤ ጆርጂያውያን በዚያ የመስቀል ገዳምን ይዘው ነበር፣ ኢትዮጵያውያንም ዛሬ ዴር ሱልጣን በተባለው ገዳም አሉ።

ንግሥቲቱ በ1213 እንዳረፉ በተለምዶ ይነገራል፤ መቃብራቸው የት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ልጃቸው ጊዮርጊ 4ኛ የእናታቸውን አማካሪዎች ትተው ከእኩዮቻቸው ጋር መዋልን መረጡ፤ በ1220 ሳይታሰብ ከመጡት ሞንጎሎች ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፣ በ1223ም ሕጋዊ ወራሽ ሳይተዉ ዐረፉ። እኅታቸው ሩሱዳን በነገሡ በሦስተኛው ዓመት የኽዋሬዝሙ ጀላል አድዲን ትብሊሲን ያዘ፤ ቆይቶም አገሩ ሁሉ ለሞንጎሎች ገበረ። ቤቱ ግን አልጠፋም፤ በምሥራቅ እስከ 1801፣ በምዕራብ እስከ 1810 የሩሲያ መንግሥት እስኪያስቀረው ድረስ ተከፋፍሎ ነገሠ። ከወራሾቹ ብዙዎቹ የገንቢውን የዳዊትን ድል ለመውረስ ተሽቀዳደሙ፤ ቤትን አስቀድሞ ማስተካከልንና ንስሐን ለመውረስ የተሽቀዳደሙት ግን ጥቂት ናቸው።