የተማሪ ላፕቶፕ በመማሪያ ክፍል፤ ከቱኒስ እስከ ወንጪ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2005 በቱኒስ በተካሄደው የመረጃ ኅብረተሰብ የዓለም ጉባኤ ላይ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ለታዳጊ አገሮች ሕፃናት የታሰበ አንድ አረንጓዴ ላፕቶፕ ለጉባኤተኞች አቀረቡ። ዋጋው 100 የአሜሪካ ዶላር እንደሚሆን፣ መብራት በሌለበትም ቦታ በእጅ መዘውር እየተሽከረከረ ኃይል እንደሚያገኝ ተነገረ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን መዘውሩን ሲሞክሩት ተነቀለ። በኋላ ተመርቶ የተሠራጨው ላፕቶፕ መዘውር አልነበረውም፤ ዋጋውም በ2007 መጨረሻ ወደ 190 ዶላር ተጠግቶ ነበር።

መዘውሩ ሲቀር የኃይሉ ጉዳይ ከመሣሪያው ወደ ትምህርት ቤቱ ተዛወረ። ለምሳሌ 50 ተማሪዎች ያሉበት አንድ ክፍል ቢወሰድና እያንዳንዱ ላፕቶፕ በሚሞላበት ጊዜ 20 ዋት ይስባል ቢባል፣ ጠቅላላው ፍላጎት 1,000 ዋት ነው። ይህም አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚፈልገው ያነሰ ነው። እንግዲህ የሚያስቸግረው ከኃይሉ መጠን ይልቅ አከፋፈሉ መሆኑን መገንዘብ ይቻላል። አንድ ወይም ሁለት ሶኬት ብቻ ባለው ክፍል የማን ላፕቶፕ አስቀድሞ ይሰካል? ሌሊት የሚሞላ ከሆነስ የክፍሉን ቁልፍ የሚይዘው ዘበኛው ነው ወይስ ርእሰ መምህሩ? ቢጠፋ የሚጠየቀው ማን ነው? እንዲህ ያሉት ጥያቄዎች በግዥ ሰነድ ውስጥ ቦታ የማያገኙ ቢሆኑም፣ መምህሩ ግን በየማለዳው ይገጥሙታል።

ላፕቶፑ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2008 ሲሆን፣ ጥቂት ሺህ ያህሉ በአዲስ አበባና በገጠር ለተመረጡ ትምህርት ቤቶች በሙከራ መልክ ታደሉ። ሕፃናቱ አጠቃቀሙን ፈጥነው ለመዱ። መምህራኑ ግን ያገኙት ሥልጠና አጭር ስለነበረ፣ በትምህርት ሰዓት ተማሪው የሚጫወትበትንና የሚሥልበትን ዕቃ እንደ ረባሽ መመልከታቸው አልቀረም። በዚህ ሊወቀሱ አይገባም። ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት መምህሩን በገዛ ክፍሉ ውስጥ ተመልካች አድርጎት እንደነበረ የሚታወስ ነው። ቴሌቪዥኑ ተማሪው ገባው አልገባው ሳይል ይቀጥል ስለነበረ፣ ለመምህሩ የሚቀረው የክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም መሣሪያ በጥርጣሬ ቢታይ የሚያስገርም አይደለም።

ከሁሉ የሰፋው ሥራ የተካሄደው በፔሩ ነው። የአገሪቱ መንግሥት ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፖችን ገዝቶ አድሏል። የአሜሪካ አገሮች ልማት ባንክ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች አካሂዶ በ2012 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ ላፕቶፕ በታደለባቸው ትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተሩ ቁጥር ለአንድ ተማሪ ከ0.12 ወደ 1.18 ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ውጤት ላይ የታየ ለውጥ አልነበረም። ዕቃው ደርሷል፤ ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ ግን እንደነበረ ቀጥሏል። በኡራጓይ ግን በ2007 የተጀመረው ተመሳሳይ ሥራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት፣ የኢንተርኔት መስመርና የጥገና አገልግሎት አብሮ ተዘጋጅቶለት ስለነበረ፣ ሥራው እስካሁን ዘልቋል።

ላፕቶፑን ያሠራጨው ድርጅት በ2012 ከዚህ ሁሉ የተለየ ሙከራ በኢትዮጵያ አደረገ። በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ በካርቶን የታሸጉ ታብሌቶች ያለ መምህርና ያለ መመሪያ ለሕፃናት ተተዉ። ድርጅቱ እንደገለጸው አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ሕፃናቱ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉ ነበር፤ በ5ኛው ወር የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ተሠራጨ። በዚያው ዘገባ ውስጥ ሰፍረው ብዙ አንባቢ ያለፋቸው ሁለት ነገሮችም ነበሩ። የመንደሩ አዋቂዎች ታብሌቶቹን በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞሉ አስቀድመው ተምረዋል። አንድ የቴክኒክ ሠራተኛም በየሳምንቱ ወደ መንደሮቹ እየሄደ የማስታወሻ ካርዶቹን ይለዋውጥ ነበር።