የቴኳንዶ ጥሩርና የራስ ቁር ታሪክ

ጋሻ አንሥቶ የሚወጣ ሰው ፈሪ እንደማይባል አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ጋሻ የሚያስፈልገው ለሚዋጋ ነው እንጂ ለሚሸሽ አይደለም። ኮርያውያን ይህንኑ ነገር በቴኳንዶ ታሪካቸው እንዴት እንዳረጋገጡት በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮርያ ከ1910 እስከ 1945 በጃፓን አገዛዝ ሥር ነበረች። በዚያ ዘመን ጃፓን ሄደው የተማሩ አንዳንድ ኮርያውያን የካራቴን ጥበብ ይዘው ተመለሱ፤ ነጻነት ከተገኘም በኋላ «ኳን» የሚባሉ ማሠልጠኛዎች በሴኡል ተስፋፉ። ቴኳንዶ የሚለው ስም የወጣው በ1955 ሲሆን ትርጓሜው የእግርና የእጅ መንገድ ማለት ነው።

በካራቴ ልምድ ተጋጣሚው ምቱን ከሰውነት ሳያደርስ ይገታው ነበር። ይህ ከጉዳት ቢያድንም ክርክርን ይወልዳል፤ ያልደረሰ ምት ቢደርስ ኖሮ ምን ያህል ኃይል ይኖረው እንደ ነበር ማን ይመሰክራል? በሙሉ ኃይል ይመታ ቢባል ደግሞ የጎድን አጥንት ይሰበራል። ከዚህ ጭንቅ የተወጣው በልብስ ነው። ኮርያውያን የኬንዶ ተጫዋቾችን የደረት መከላከያ አርአያ አድርገው ከቀርከሃ ፍልጥ ጥሩር አበጁ፤ ስሙንም «ሆጉ» አሉት። እንግዲህ እግር ያለ ፍርሃት እንዲወረወር ያስቻለው ጥሩሩ ነው።

ይሁን እንጂ ቀርከሃ ለባሹን ቢጠብቅም ለመቺው እግር ጠንካራ ነበር። ስለዚህ በኋላ ስፖንጅ ተተካበት። በአሜሪካ ቴኳንዶን ያስተምር የነበረው ኮርያዊው ጁን ሪ ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእጅና የእግር መሸፈኛ ከስፖንጅ ሠራ። ይህን መሸፈኛ የሚለብሰው መቺው ሲሆን፣ በይበልጥ የሚተርፈው ግን የሚመታው ነው። ባልንጀራን ለማዳን መልበስ የሚያስመሰግን አሳብ ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1973 በሴኡል ተደረገ። ቴኳንዶ በ1988 እና በ1992 ኦሊምፒክ ለትርኢት ቀርቦ በ2000 በሲድኒ በሙሉ መብት ገባ። በ2012 በለንደን ምቱን ራሱ የሚመዘግብ ኤሌክትሮኒክ ጥሩር ተለበሰ፤ በ2016 በሪዮ የራስ ቁሩም እንዲሁ ሆነ። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የአገራችን ልጅ ሰለሞን ቱፋ ይህንኑ ለብሶ ተጋጥሟል።

አሁን ጀማሪው ምን ይልበስ? ለጥርስ መከላከያ፣ ከልብሱ በታች የብልት መከላከያ፣ ለክንድና ለቅልጥም መሸፈኛ፣ ከልብሱ በላይ ሆጉ፣ በራሱም ላይ ቁር ያድርግ። ሁሉም በልኩ ይሁን፤ የሰፋ ቁር ዓይንን ይጋርዳል፣ የላላ ሆጉም ጎድንን ያጋልጣል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የራስ ቁር ቁስልን ይቀንሳል እንጂ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንዳይናወጥ ፈጽሞ አይከለክልም። ስለዚህ ራሱን የተመታና ያዞረው ተማሪ «ቁር አድርጌአለሁ» ብሎ አይቀጥል፤ ጨዋታውን ትቶ ሐኪም ይይ። ወላጆችና መምህራንም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው፦ ጥሩር ድፍረትን ይደግፋል፤ ማስተዋልን ግን አይተካም።