የተማሪ ተውኔትና የምክር ሸክም

የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ ሲተረክ መነሻው በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ለመድረክ የበቃው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» መሆኑ የታወቀ ነው። በሩሲያ ተምረው የተመለሱት ደራሲ አራዊትን እያናገሩ የሹማምንቱን ብልሹነት ስለ ነቀፉ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ። ድምፁ ዳግመኛ የተሰማው ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ወዲህ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ያስጠጋው ቤት ትምህርት ቤት ነበር።

ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይታለፋል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መላኩ በጎሰው ተማሪዎችን እየሰበሰቡ ተውኔት ማሳየት ሲጀምሩ፣ ተዋናዩ ተማሪ፣ አዘጋጁ መምህር፣ ዋናው ተመልካች ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ ነበሩ። መጠጊያ የሰጠ ሁሉ ወሮታ መጠየቁ አይቀርምና፣ ከ«ፋቡላ» ስላቅ በኋላ የመጣው ተውኔት የውዳሴና የተግሣጽ ተውኔት ሆነ። ዮፍታሔ የደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት ልጅ ናቸው፤ ለመድረክ ያመጡትም ያደጉበትን ሥርዐት፣ ማለትም ዜማውን፣ ምሥጢር ያዘለውን ግጥምና በቃል ይዞ መውጣትን ነበር። ተማሪው ግጥሙን አጥንቶ፣ ፊቱን ወደ ተመልካች አቅንቶ፣ ቃሉን አጥርቶ ያሰማል። የሴቷን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነበር። እንቅስቃሴው ጥቂት፣ ንግግሩ ግን ብዙ የሆነው በድክመት ብቻ አይደለም፤ ቃልን አክብሮ የኖረ ትምህርት ሌላ ሊያፈራ አይችልም ነበር።

ከነጻነት በኋላ በእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተውኔት እየደረሱ በተማሪዎቻቸው አሠሩ። ሴት ልጅ በአደባባይ ቆማ እንድትናገር ማድረግ በዚያን ዘመን ከተውኔቱ መልእክት ይልቅ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአምቦ ደግሞ ገና ልጅ የነበረው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ንጉሥ ዳዮኒስዮስ ተውኔት ጽፎ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታየለት። ከአውራጃ ትምህርት ቤት የተነሣ አንድ ልጅ የት እንደ ደረሰ የሚታወቅ ነው። በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል በ1950ዎቹ፣ የቴአትር ጥበባት የትምህርት ክፍል በ1970ዎቹ መባቻ ሲቋቋሙም ትወናና ዝግጅት እንደ ሙያ የሚጠኑበት በር ተከፈተ። ይሁን እንጂ በሩ የተከፈተው ሁለተኛ ደረጃን ላጠናቀቀው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ ላለው ተማሪ ተውኔት የክበብ ሥራ እንደ ሆነ ቀረ፤ በአብዮቱ ዘመንም በየቀበሌውና በየአውራጃው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ወጣቱን ወደ መድረክ ቢያወጡትም መልእክቱ አስቀድሞ የተጻፈለት ነበር።

ጉዳዩ ከመዲናይቱ ርቆ ሲታይ ሌላ ገጽታ ይይዛል። የከምባታዋ ሺንሺቾ፣ የቃጫ ቢራ ወረዳ ማዕከል፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በዚህች ከተማ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በቤቱ የሚናገረው ከምባትኛ ነው፤ የክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጠዋል፤ አማርኛን ደግሞ እንደ አንድ ትምህርት ይማራል። በአማርኛ ለተጻፈ ድራማ መድረክ ላይ ሲወጣ ሦስት ቋንቋ ተሸክሞ ይወጣል ማለት ነው። ከምባትኛ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ በኋላም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆኗል። በመሳላ በዓል በዘፈንና በጭፈራ አንደበቱ የሚፈታው ወጣት ግን ድራማ ላይ ሲደርስ እንደ መጽሐፍ ይናገራል። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም። ድምፅን ሳይጮኹ ለኋላ ተቀማጭ ማድረስ፣ ባልደረባ ሲናገር ከልብ ማዳመጥ፣ ዝም ማለትን መቻል፣ እነዚህ የሚማሯቸው ነገሮች ናቸው፤ ማንም አላስተማረውም።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የፀረ ኤድስ ክበባትና ሚኒ ሚዲያዎች በየትምህርት ቤቱ ሲስፋፉ ድራማ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆኖ ተፈለገ። በከምባታ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር የመሠረቱት ድርጅት ኅብረተሰቡን በውይይት እያነሣሣ የሴት ልጅ ግርዛትን ታገለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ቀን አለመገረዟን የሚገልጽ ጽሑፍ በደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሙሽራውም በዚሁ መደሰቱን የሚመሰክር ጽሑፍ ለብሶ በሕዝብ ፊት ቆሙ። መድረክ አልነበረም፤ መጋረጃ አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን አየ። ከአያሌ የክበብ ድራማዎች የበለጠ ኃይል የነበረው ሁለቱ ወጣቶች የሌላ ሰው ምክር ሳይሆን የራሳቸውን ውሳኔ ይዘው ስለ ቆሙ ነው።

ዛሬ ከሆሳዕና እስከ ሺንሺቾ ባሉት ከተሞች ወጣቱን የያዘው ጉዳይ የደቡብ አፍሪካ መንገድ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። በዚህ ላይ የሚሠራ የምክር ድራማ ቅርጹ አስቀድሞ ይታወቃል፤ መሬት ይሸጣል፣ ደላላ ይከፈለዋል፣ ልጁ በመንገድ ይሞታል፣ እናት ታለቅሳለች። ተመልካቹ ተማሪ ግን ከጎረቤቱ መካከል ከዚያው አገር በተላከ ገንዘብ ቤት የሠራ ያውቃል። ስለዚህ ያጨበጭባል እንጂ አያምንም። በመድረኩ ላይ የሄደው ልጅ ሞኝ፣ የቀረው ብልህ ተደርጎ ተስሏልና።

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲያዳብረው የኖረው ስልት ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ይበጃል። አጭር ትዕይንት እስከ ጭንቁ ድረስ ይታያል፤ ከዚያ ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ ይነሣና በገጸ ባሕርዩ ቦታ ተተክቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ተጫዋቹ በበኩሉ አይለቅለትም፤ ደላላው የደላላን፣ ሂያጁ የሂያጅን ክርክር እስከ መጨረሻው ይከራከራል። ለዚህ መብራትም ልብሰ ተውኔትም አያስፈልግም፤ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ የተገፉበት አንድ መማሪያ ክፍል ይበቃል። የሚከብደው ሌላ ነው። መምህሩ መጨረሻውን ሳያውቅ ልምምድ መጀመርን መድፈር አለበት፤ ተማሪውም የማይስማማበትን ሰው እውነት በራሱ አንደበት ማሳመር አለበት። ይህም በልምምድ የሚገኝ ሙያ ነው።

በቅርቡ ሥራ ላይ በዋለው ሥርዐተ ትምህርት የክወናና ዕይታ ጥበባት እስከ 8ኛ ክፍል በመጽሐፍና በክፍለ ጊዜ ይሰጣል። ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲገባ፣ ማለትም ስለ መሄድና ስለ መቅረት ማሰብ በሚጀምርበት ዕድሜ፣ ትምህርቱ ከሠሌዳው ይወጣል፤ የሚቀርለትም ክበቡና ክበቡን በትርፍ ሰዓቱ የሚመራው የቋንቋ መምህር ነው።