የጧሪዋ ዋጋ፦ ብሪታንያ ባለትዳር ሴቶችን ያገለለችባቸው 10 ዓመታት

በአማርኛ «ጧሪ ቀባሪ» ስንል የልጅን ግዴታ እናነሣለን እንጂ ግዴታው የሚያስከፍለውን ዋጋ አናሰላም። ብሪታንያ ያንን ዋጋ በሕግ ለማስፈር የሄደችበት መንገድ ረጅምና ጠማማ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1963 ሜሪ ዌብስተር የተባሉ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ወላጆቻቸውን ለመጦር ሥራቸውን ስለሚለቁ ያላገቡ ሴቶች ችግር ለጋዜጦች ጻፉ፤ እርሳቸውም ከእነዚሁ አንዷ ነበሩ። በ1965 ማኅበር መሠረቱ። ጥያቄው ቀላል አልነበረም፦ ዛሬ ደመወዟን ትታ እናቷን የምትጦርን ሴት ነገ ማን ይጦራታል?

በ1976 የአስታማሚ አበል ተጀመረ። ያገቡ ሴቶችና ከወንድ ጋር በአንድ ጎጆ የሚኖሩ ሴቶች ግን ተገለሉ፤ ባለትዳር ወንዶች አልተከለከሉም። የመንግሥት ምክንያት ሲጨመቅ «ድሮም ቤት ነች» የሚል ነው። እኛ ኢኮኖሚስቶች ይህን ክርክር እናውቀዋለን፤ ሳይከፈልበትም ለሚሠራ ሥራ ለምን ይከፈላል እንላለን። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ መልሱ ከመረጃ ሳይሆን ከትዳር ምስክር ወረቀት መነበቡ ነው፤ ባለትዳር ሴቶች በዚያን ጊዜም በብዛት ደመወዝተኞች ነበሩና።

በ1984 ጃክሊን ድሬክ አካል ጉዳተኛ እናታቸውን ወደ ቤታቸው አምጥተው ሥራቸውን ለቀቁ። አበሉን ቢጠይቁም ባለትዳር በመሆናቸው ተከለከሉ። ጉዳዩ ሉክሰምበርግ ወዳለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። መመዘኛው በማኅበራዊ ዋስትና ረገድ የጾታ እኩልነትን የሚያዘው የ1978 መመሪያ ነበር። አበሉ የሚከፈለው ለሕመምተኛው ሳይሆን ለአስታማሚዋ ስለሆነ መመሪያው ይመለከተዋል ወይ? ፍርድ ቤቱ በአበሉና በሕመምተኛው መካከል ግልጽ የኢኮኖሚ ትስስር አለ ብሎ ሰኔ 24 ቀን 1986 ለድሬክ ፈረደ። መንግሥት ሽንፈቱን አስቀድሞ አሽትቶ ኖሮ፣ ክልከላውን እንደሚያነሣ ያስታወቀው በዋዜማው ነው።

በሩ ተከፈተ፤ ዋጋው ግን ብዙም ከፍ አላለም። በ2025 በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ለምታስታምም ሰው ይከፈል የነበረው 83 ፓውንድ ከ30 ፔንስ ነው። በሰዓት 2 ፓውንድ ከ38 ፔንስ ገደማ ማለት ነው፤ የአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን 12 ፓውንድ ከ21 ፔንስ ነበር። በሳምንት ከ196 ፓውንድ በላይ ያገኘች ደግሞ አበሉን ሙሉ በሙሉ ታጣ ነበር።

በእኛም ቤት ሒሳቡ ከዚህ አይርቅም። ከውጭ የምንልከው ገንዘብ የሚደርሰው በእናት ስም ነው። ሥራዋን ትታ እናትን የምታጥበውና የምታጎርሰው እኅት ስትነሣ፣ በቤተ ዘመድ ስልክ ላይ የሚሰማው መልስ ያው የ1976ቱ ነው፦ እሷማ ድሮም ቤት ነች።